የሳይንስ ተማሪ አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግለታል?

በቅርቡ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ገለጻ እያደረግን ሳለ አንድ በሒሳብ የታወቀ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኔ ኢንጂነር ነው መሆን የምፈልገው። ታዲያ አንትሮፖሎጂ፣ ሎጂክ የሚባለው ነገር ለምን ይጨመርብኛል? ዕድሜያችንን እኮ ስደት በልቶታል፤ ደሞ አንድ ዓመት ለማያስፈልግ ነገር?» አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር በሱ ዕድሜ ብሆን እኔም አጨበጭብለት ነበር። በአምስት ደቂቃ ልመልስለት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ በዚህ እትም ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። ወላጆች «ልጄ ናቹራል ነው የመረጠው» ሲሉ በኩራት ነው፤ «ሶሻል ገባ» ሲሉ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኛ መምህራንም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ጎበዝ ልጅ ታሪክ ልማር ሲል «ምን ነካህ?» የምንል ብዙዎች ነን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። አንድ ተማሪ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስ፣ ነርሲንግ ወይም ኮምፒዩተር ሳይንስ ሲያጠና ከዋናው ትምህርቱ ጎን ለጎን ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ልቦና፣ ጂኦግራፊ፣ የጽሑፍ ችሎታና የመሳሰሉትን ኮርሶች ይወስዳል። በአሜሪካኖቹ አጠራር እነዚህ በጅምላ ሊበራል አርትስ ይባላሉ። እኛ አገር ተማሪው «ኮመን ኮርስ» ይላቸዋል። ሱዳን ውስጥ ደግሞ «ሙተጠለባት አል ጃሚዓ» ነው ስማቸው፣ የዩኒቨርሲቲው ግዴታዎች እንደ ማለት።

ነገሩ አዲስ የመጣ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሊበራል አርትስ የሚባሉት ሰባት ነበሩ፤ ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ የንግግር ጥበብ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ጥናት። አያችሁ፣ ሒሳቡ እዚያው ውስጥ ነበር። በኛም አገር የቤተ ክህነት ትምህርት እንደዚያው ነው። ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪ ባሕረ ሐሳብም ይማራል። ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀንስ ወንበር ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲገድፍ አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲገድፍ ደግሞ መጥቅዕ ይወጣል። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ይህን በቀሪ የመቁጠር ሒሳብ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ስሙን የሰማሁት። አንድ የቅኔ ተማሪ ግን በቃሉ ሲያሰላው አይቻለሁ፤ ግጥምና ሒሳብ የሁለት ሰው ሥራ ነው ብሎ የነገረው የለም።

የቧንቧው ወረፋ

ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት ምሳሌ የውሃ ቦኖ ነው። በመጠለያ ጣቢያ የሚሠሩ ድርጅቶች የሚመሩበት «ስፊር» የሚባል የመመዘኛ መጽሐፍ አለ። በሱ መሠረት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይገባዋል፤ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ከቤት እስከ ቧንቧ ያለው ርቀት ከ500 ሜትር፣ ወረፋውም ከ30 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ስሌቱ ቧንቧው በደቂቃ 7.5 ሊትር ያወርዳል ብሎ ነው የሚነሳው።

እስቲ እናስላው። 250 ሰው በ15 ሊትር ሲባዛ 3,750 ሊትር ነው። ለ7.5 ስናካፍለው 500 ደቂቃ ይሆናል፤ ማለትም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ቧንቧው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ሳይቋረጥ ቢፈስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ሁሉም ድርሻውን አግኝቷል ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይሞላል። ከፊትህ 11 ጀሪካን ካለ የምትጠብቀው 29 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው፤ ከመመዘኛው ውስጥ ነህ። ኢንጂነሩ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ደግሞ ቧንቧው ዘንድ ሄዳችሁ ቁሙ። መጀመሪያ የምታዩት ሰው ሳይሆን ጀሪካን ተሰልፎ ነው፤ ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ናቸው። አንዱ ሰው አራት ጀሪካን አስቀምጧል፤ ሌላው ቦታ እንዲይዝለት ድንጋይ አኑሯል። ሞተሩ በጠዋቱ ሳይሆን ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተነሳው። ከሰልፈኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለምን በሴቶች በኩል ባዶ እንደሚሆን እዚያ ቆማችሁ ይገባችኋል። ትናንት የወለደች እናት ማን እንደሚቀዳላት ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ሁለት ሰፈር ሰዎች ተጣልተው ከሆነ አንደኛው ወገን ከመሸ በኋላ እዚያ ቧንቧ አይመጣም። በአማካኝ 15 ሊትር ሲባል አንዱ 30፣ ሌላው 5 ሊትር አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ አማካኙ ግን ያው ነው፣ አይለወጥም።

ስሌቱ ስህተት አይደለም። ያለ ስሌቱ ስንት ቧንቧ እንደሚያስፈልግ ማወቅ አይቻልም። ግን «ሰልፍ ማለት እዚህ ሰፈር ምን ማለት ነው? ማን ይቀዳል? ማን ይቀድማል? ለምን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በሥርዓት መሰብሰብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንትሮፖሎጂ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ተማሪዬ ኢንጂነር ሆኖ ሲመለስ ቧንቧውን የሚተክለው ለ250 ቁጥር ሳይሆን ለነዚያ ልጆች ነው።

እንዶድና ዛር

ምሳሌው ከጣቢያችን ውጭም ይሠራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ የበሽታው ጥገኛ ትል የሚራባባት ናት፤ እሷ ከሞተች የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ላቦራቶሪና ኬሚስትሪ ነው፣ ዓመታትም ፈጅቷል። መነሻው ግን እናቶች በምን እንደሚያጥቡ ትኩር ብሎ ማየት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው።

ይኸው በሽታ በሱዳን ገዚራ የታወቀ ነው። የሴናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ተሠርቶ የመስኖ ቦዮቹ ሲዘረጉ ጥጡም በሽታውም አብረው ተስፋፉ። ዛሬ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው፣ ይሠራልም። ሆኖም ልጁ ክኒኑን ውጦ ከጤና ጣቢያ ሲወጣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ነው፣ ቦዩም ፊት ለፊቱ ነው። ይዋኛል። ልጁ ሌላ የት ይዋኝ? ይህን ጥያቄ ፋርማኮሎጂ አይመልሰውም።

ከካርቱም ሰዎች ደግሞ ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂን ላንሳ። ኦምዱርማን የኖረ ሰው በስማቸው የተሰየመውን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው ኋላም በአእምሮ ሕክምና ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ1950 በሰሜን ካርቱም ክሊኒክ ከፈቱ። እኚህ ሰው ሐኪም ብቻ አልነበሩም፤ የታሪክ፣ የቋንቋና የድሮ ሕክምና መጻሕፍት ሰብሳቢ ነበሩ፤ ስብስባቸው ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ደርሷል። በሽተኛ ሲመጣላቸው «ዛር ያዘኝ» ካለ አላፌዙበትም። ዛር ለኛ አዲስ ቃል አይደለም፤ ከጎንደር እስከ ኦምዱርማን ድረስ ከበሮው አንድ ነው። እሳቸው ዛሩን እንደ ተረት ሳይጥሉ፣ በሽተኛው ስቃዩን የሚናገርበት ቋንቋ መሆኑን አጠኑ፤ ከባህላዊ ፈዋሾችም ጋር ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1964 የሕዝብ አመፅ በኋላ አገሪቱን ከመሩት የአምስት ሰዎች ምክር ቤት አባላትም አንዱ ነበሩ። ሐኪም ታሪክ ማንበቡ ምን ይጠቅመዋል ለሚል የካርቱም ሰው መልሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ተጽፏል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ እንዴት አደረጉት?

በኢትዮጵያ ነገሩ ብዙ ጊዜ ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ስድስት ኪሎ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም የፍሬሽማን ዓመት የሚባለው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆኑ። የፊዚክሱም የሕጉም ተማሪ ገጠሩን ያየው ያኔ ነው። በኔ ግምት ከሁሉም ኮመን ኮርሶች ትልቁ ያ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ግን አልተሰጠም።

ከዚያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ፍሬሽማኑን ወደ ታች አወረደው። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ላይም የብዙ ዲግሪዎች ዕድሜ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሰባ ሠላሳ የሚባለው መጣ፤ ከመቶው ሰባ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ሶሻልና ሥነ ሰብእ እንዲገባ። እኔ ከሰባዎቹ አንዱ ነኝ። ፖሊሲው አገሪቱ መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታል ብሎ የተነሳ ነው፣ ያስፈልጋታልም። ነገር ግን አብሮት የመጣ ያልተጻፈ ትምህርት ነበር፤ ሠላሳው የቀረው ነው፣ የደካማው ነው የሚል። ይኸው ድረስ ከየክፍላችን አልወጣም።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ዲግሪው ቢያንስ አራት ዓመት ሆነ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ አጠቃላይ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ኮሙኒኬሽን፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት እንዲወስድ ተደረገ። የታሪክ ኮርሱ ሞጁል ብዙ አከራክሯል፤ ያው የታሪክ ነገር በኛ ዘንድ እንዲህ ነው። የተቃወሙ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም፤ ድሃ አገር ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ምግብና መኝታ ከየት ያመጣል፣ መሰናዶ የተማረውን ለምን ይደግማል ይላሉ። ኮርሱ በአምስት መቶ ተማሪ አዳራሽ፣ በሞጁል ሽምደዳ ከተሰጠ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ሎጂክን ሸምድዶ ኤ ያገኘ ሰው ሎጂክ ተማረ አይባልም።

ካርቱምን ያየን ሰዎች ሌላም ዓይነት አይተናል። በዓባይ ዳር ያለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው፤ በ1956፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ መንግሥት የማስተማሪያ ቋንቋው ዓረብኛ ይሁን ካለ በኋላ፣ የምህንድስናም ሆነ የግብርና ተማሪ ዓረብኛን፣ እስላማዊ ባህልን፣ የሱዳን ጥናትንና እንግሊዝኛን የመሳሰሉትን በግዴታነት ይወስድ ነበር። ለኛ ልጆች ዋናው ግድግዳ ፊዚክሱ ሳይሆን ዓረብኛው ነበር። ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ፤ አስገዳጅ ኮርስ ሁሉ አእምሮ ይከፍታል ማለት አይደለም። ማን እንደመረጠውና ለምን እንደመረጠው መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ ደስ ያለኝ የኦምዱርማኑ የአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው። ሼኽ ባቢከር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሩፋዓ ከተማ ጭቃ ቤት ውስጥ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የገዛ ቤተሰባቸው ልጆች ነበሩባቸው። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 የሴቶች ኮሌጁን በ23 ተማሪዎች ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ ሐኪምም ትሁን የምግብ ሳይንስ ተማሪ የሴቶች ጥናት ትወስዳለች፣ በገጠር ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም መንደር ገብታ ትቆያለች። የሕክምና ተማሪዋ የገጠሯ ሴት ለምን ዘግይታ ሐኪም ቤት እንደምትመጣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሷ ከሴቲቱ ትሰማለች ማለት ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023) ካርቱም ላይ ሲፈነዳ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም ተጎዱ፣ ተዘረፉ። አንዳንዶቹ በኢንተርኔትና ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ማስተማሩን ቀጠሉ።

የኔ «ዲ»

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ጽሑፉ ሐቀኛ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፊዚክስ ነበር ያጠናሁት። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ ነበረን፤ ለኔ የእንቅልፍ ሰዓት ነበር። አሳይመንት ከጓደኛ እገለብጣለሁ፣ ፈተና ላይ በሁለት ገጽ ፈንታ ግማሽ ገጽ ጽፌ እወጣለሁ። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ ኤ፣ ጽሑፍ ላይ ዲ አመጣሁ። ዲ ደግሞ ማለፊያ ነው፣ አልፈናል ብለን ሳቅን። ከዚያ ትምህርቴን ሳልጨርስ አገር ለቀቅኩ።

ከዓመታት በኋላ ካርቱም ውስጥ ሳለሁ አንድ የውጭ የርቀት ትምህርት ተቋም የቀድሞ ክሬዲቶቼን ይቆጥርልኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። የነሱ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ሳይንስ ስለሆነ ከፊዚክሶቼ አብዛኞቹ የሚገቡበት ቦታ አልነበራቸውም፤ ካልኩለሶቹ ተቆጠሩልኝ። የጽሑፍ ኮርሱ ቦታ ነበረው፣ ግን ከሲ በታች አንቀበልም አሉ። ሎጂክና ሥነ ልቦናማ ጭራሽ አልወሰድኩም፤ በኔ ጊዜ ሦስት ዓመት ነበርና። የሳቅኩባት ዲ እንደገና ከመጀመሪያ እንድጀምር አደረገችኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የስደተኛ ተማሪ መንገድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዲፓርትመንት ወደ ሌላ፣ ከአንድ አገር ወደ ሌላ ስለሆነ ነው። ስንሻገር የዲፓርትመንቱ ኮርስ ብዙ ጊዜ ድንበር ላይ ይቀራል፤ አጠቃላይ ኮርሱ ግን በየትኛውም ዲግሪ ውስጥ ቦታ አለውና አብሮን የመሻገር ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ክሬዲት ማለት በሴሚስተሩ ውስጥ በሳምንት የምታጠፉት የክፍል ሰዓት መለኪያ ነው። አንድ የሌክቸር ሰዓት አንድ ክሬዲት ነው፤ የላቦራቶሪ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው አንድ ክሬዲት የሚሆነው። ባለ አራት ክሬዲት የኬሚስትሪ ኮርስ ከነላቦራቶሪው በሳምንት ስድስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ባለ ሦስት ክሬዲት ሥነ ልቦና ሦስት ሰዓት ነው። የሳይንስ ኮርስ ደግሞ ሰንሰለት ነው፤ ካልኩለስ አንድን ሳያልፉ ሁለትን መውሰድ አይቻልም፤ አንዱ ከተበጠሰ ዓመት ይሄዳል። አጠቃላዩ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታ የለውም። በመሆኑም ሰንሰለቱን መጀመሪያ ዘርጉ፣ ላቦራቶሪ በበዛበት ሴሚስተር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አጠቃላይ ኮርስ ጣል አድርጉ። አምስቱንም በአንድ ላይ አጭቆ «ልገላገለው» ማለት፣ ወይም ሁሉንም ወደ መጨረሻው ዓመት መግፋት፣ ሁለቱም ሲጎዱ አይቻለሁ።

በአሜሪካ ሥርዓት የሚሄዱ ተቋማት ዲግሪውን ወደ 120 ክሬዲት ያደርጉታል፤ ዋናው ትምህርት ሜጀር፣ ሁለተኛው ማይነር፣ በራስ ምርጫ የሚወሰደው ኢሌክቲቭ፣ ቀሪው አጠቃላይ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተውና በኢንተርኔት ብቻ የሚያስተምረው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል»፣ ኮምፒዩተር ሳይንስና የጤና ሳይንስ ተማሪዎቹን አጠቃላይ ኮርሶች ያስወስዳል። በኬንያ የካኩማና በማላዊ የዛሌካ ጣቢያዎችም ከ2010 ጀምሮ የኢየሱሳውያን ድርጅት ከአሜሪካው ሪጂስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለስደተኞች 45 ክሬዲት ያለው የሊበራል ጥናት ዲፕሎማ ሰጥቷል። ብዙ ሰው «ለስደተኛ ሙያ ነው እንጂ ፍልስፍና ምን ያደርግለታል» ብሎ ነበር። ስደተኛ ግን የመጀመሪያ ሥራው ራሱን ማስረዳት ነው፤ ለፖሊስ፣ ለቢሮ፣ ለቃለ መጠይቅ አድራጊው። እሱን በደንብ አድርጎ መጻፍና መናገር ሙያ ካልሆነ ሙያ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከ1992 ጀምሮ ለስደተኞች የሚሰጠው የዳፊ ስኮላርሽፕም ቢሆን፣ የሒሳብ ተማሪውን ሳይቀር ለምን መማር እንደሚፈልግ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። ተማሪዎቻችን የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ገጽ ላይ ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ትራንስክሪፕት ብቻውን አይበቃም፤ የኮርሱን አውትላይን ወይም ሲለበስ ያዙ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት የሚቆጥረው በስሙ ሳይሆን ውስጡ ምን እንደተማራችሁ አይቶ ነው። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። እኔ ከጅሬፍ ስወጣ ፋይሌ እዚያው ቤት ቀርቷል፤ የተረፈኝ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ፎቶ ነው። ዲዋም በፎቶው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ለመምህራን ደግሞ፣ ይህ ነገር ዩኒቨርሲቲ እስኪደረስ የሚጠበቅ አይደለም። የፊዚክስ መምህር ከአሥር ጥያቄ ውስጥ አንዱን «መልሱን ለእናትህ በሚገባት ቋንቋ በአምስት መስመር አስረዳ» ብሎ ሊያወጣው ይችላል። የታሪክ መምህሩም ሰንጠረዥና ግራፍ ሊያሠራ ይችላል፤ ሶሻል የገባ ሁሉ ከሒሳብ የሸሸ ነው የሚለውንም እናስቀር። በመጪው ሳምንት ከኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሁለት ቡድን ይህን እንጀምራለን። አንዱ ቡድን ሰዓትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ቧንቧው በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያወርድ ይለካል። ሌላው ቡድን ሰልፈኞቹን ያነጋግራል፤ ስንት ሰዓት እንደመጡ፣ ማን እንደላካቸው፣ ምን እንደቀረባቸው። ከዚያ ሁለቱ ቡድኖች አብረው አንድ ሪፖርት ይጽፋሉ። ያ የጠየቀኝ ተማሪ የትኛው ቡድን ውስጥ መግባት እንደሚፈልግ ስጠይቀው «ሰዓቱን እይዛለሁ» አለኝ። እኔ ግን በጠያቂዎቹ ቡድን መዝግቤዋለሁ። ሪፖርቱን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፤ በሌላ ዞን ያላችሁ መምህራንም የናንተን ቧንቧ ለክታችሁ በትምህርት ቤቱ ቢሮ በኩል ብትልኩልን ጎን ለጎን እናትመዋለን።